ፊዚክስ ልግባ ወይስ ስራ ያለበት ልግባ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ዲፓርትመንት እንመርጣለን። ፊዚክስ ከድሮም ነፍሴ ነው፣ ሂሳብም አይከብደኝም። ቤት ውስጥ ግን ወሬው ሌላ ነው። «ፊዚክስ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው? ስታቲስቲክስ ወይ ኮምፒውተር ሳይንስ ግቢ፣ ቢያንስ ስራ ታገኛለሽ» ይሉኛል። እውነታቸውን ይሆን እንዴ እላለሁ። ፊዚክስ ተመርቄ ቤት እንዳልቀመጥ እፈራለሁ፤ ሌላውን ገብቼ ደግሞ «ምነው ያኔ» እያልኩ እንዳልኖር እፈራለሁ። እርስዎ ፊዚክስ ተምረው አሁን በዳታ ስራ እንደሚተዳደሩ እዚሁ ዓምድ ላይ ጽፈው ነበር። ለዚህ ነው የጠየቅኩዎት። ሳይደብቁ ይንገሩኝ።

ሁለት ልብ የሆንኩት

መልስ

እህቴ፣ ሳልደብቅ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የምትወጂው የቱን ፊዚክስ ነው?

ይህን የምለው ልፈትንሽ ብዬ አይደለም። ስለ ጥቁር ጉድጓድና ስለ ጊዜ መለጠጥ የሚያወሩ ቪዲዮዎችን መውደድ አንድ ነገር ነው። ማታ ቁጭ ብለሽ በስፕሪንግ የተያያዙ ሁለት ፔንዱለሞች እንዴት እንደሚወዛወዙ ለሶስት ሰዓት ስታሰይ ማምሸት ሌላ ነገር ነው። የፊዚክስ ዲግሪ በአብዛኛው ሁለተኛው ነው። መካኒክስ፣ ኤሌክትሮማግኔቲዝም፣ ቴርሞዳይናሚክስና ስታቲስቲካል መካኒክስ፣ ኳንተም መካኒክስ። አራቱ ምሰሶዎች እነዚህ ናቸው፣ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ብትገቢ አታመልጫቸውም። መሀል መሀሉ ላይ ላብ (ላቦራቶሪ) አለ። ላብ ማለት አንድን ነገር ደጋግሞ መለካት፣ ከዚያ «ውጤቴ ይህ ነው፣ ስህተቱ ግን እስከዚህ ድረስ ሊሆን ይችላል» ብሎ በቁጥር መጻፍ ነው። አሰልቺ ይመስላል። እኔ ግን ከዲግሪው ሁሉ እስከዛሬ በየቀኑ የምጠቀምበት እሱን ነው።

ስለዚህ ከመወሰንሽ በፊት ይህን አድርጊ። ላይብረሪ ግቢና የሁለተኛ ዓመት የመካኒክስ ወይም የኤሌክትሮማግኔቲዝም መጽሐፍ ያዢ። አንድ ምዕራፍ አንብቢና ከመጨረሻው ጥያቄዎች አስሩን ለመስራት ሞክሪ። ሁለት ሳምንት ለራስሽ ስጪ። ከዚያ በፕሮባቢሊቲ መጽሐፍም እንደዚያው አድርጊ። ስንቱን እንዳገኘሽ አትቁጠሪ፣ አብዛኛው እምቢ ይልሻል፣ ገና አልተማርሽውምና። አንድ ነገር ብቻ እይ። እምቢ ካለሽ በኋላ በማግስቱ ማንም ሳያዝሽ ተመልሰሽ የተቀመጥሽው የቱ ላይ ነው? ከቤተሰብም ከኔም ምክር በላይ የሚነግርሽ እሱ ነው።

አሁን ወደ ፍርሀትሽ ልምጣ። ቤተሰቦችሽ ከሜዳ ተነስተው አይደለም የሚፈሩት። «ፊዚሲስት እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ብዙ አታዪም። ፊዚክስ የሙያ ስም አይደለም። ስታቲስቲክስ የተመረቀ ሰው ሲቪውን ሲልክ የዲግሪው ስም ግማሹን ስራ ይሰራለታል፣ ሲቪ የሚያጣራው ሰው ምን እንደሚችል ወዲያው ይገባዋል። ፊዚክስ የተመረቀው ግን ራሱን ማስረዳት አለበት። ይህ እውነተኛ ዋጋ ነው፣ ተራ ነገር ነው ብዬ ላቃልልሽ አልችልም። የሚከፈለው ግን በዋናነት የመጀመሪያውን ስራ ስትፈልጊ ነው። ሁለት ሶስት ዓመት ከሰራሽ በኋላ ሰው የሚጠይቅሽ ምን እንደሰራሽ ነው፣ ምን እንደተማርሽ የሚጠይቅሽ እየቀነሰ ይሄዳል።

የፊዚክስ ምሩቃን የት ይሄዳሉ? ሶፍትዌር፣ የዳታ ትንተና፣ ባንክና ኢንሹራንስ፣ የቺፕና የሌዘር ኢንዱስትሪ፣ ሜትሮሎጂ፣ ጂኦፊዚክስ፣ በሆስፒታል ያለ የጨረር ህክምና። ማስተማርም አለ። ማስተማርን እንደ ውድቀት ለሚቆጥሩ ሰዎች ጆሮ አትስጪ። አንቺ ራስሽ ፊዚክስን የወደድሽው አንድ መምህር ክፍል ውስጥ ቆሞ በደንብ ስላስረዳሽ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር ግን በጊዜ አጣሪ። አንዳንድ ሙያ ቁልፍ አለው። የህንጻ ወይም የኤሌክትሪክ ንድፍ ላይ በኢንጂነርነት ለመፈረም በብዙ አገሮች እውቅና ያለው የኢንጂነሪንግ ዲግሪና ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፊዚክስ ምን ያህል ብታውቂ አይተካውም። የኢንሹራንስ ስጋት የሚያሰሉት አክቹዋሪዎች ደግሞ ሌላ ናቸው። የነሱ መግቢያ ተከታታይ የሙያ ፈተና ነው፣ ፊዚክስ የተማረም ሊፈተን ይችላል። በጨረር ህክምና ለመስራት በአብዛኛው ማስተርስና ከዚያ በላይ የክሊኒክ ስልጠና ይጠየቃል። ልብሽ ውስጥ ያለው ስራ ቁልፍ ካለው፣ ግማሹ ምርጫሽ አልቋል ማለት ነው።

«ስራ ያለበት» የሚባለው ነገር ራሱ እንደሚለዋወጥም እወቂ። ፖል ዲራክን ታውቂዋለሽ፣ ከኳንተም መካኒክስ አባቶች አንዱ ነው። መጀመሪያ የተማረው ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነበር፣ ያውም ለስራ ይሻላል የተባለውን። በ1921 እ.ኤ.አ. ከብሪስቶል ሲመረቅ ከጦርነቱ በኋላ ኢኮኖሚው ወድቆ ስለነበር ስራ አጣ። ስራ ሲያጣ እዚያው በነጻ ሂሳብ እንዲማር ተፈቀደለት፣ በ1923 ካምብሪጅ ገባ፣ በ1933 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። ጆን ባርዲንም ከኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተነስቶ፣ መሀል ላይ ነዳጅ ፍለጋ ላይ በጂኦፊዚክስ ሰርቶ፣ በኋላ ወደ ፊዚክስ የገባ ነው። ትራንዚስተርን ከፈጠሩት አንዱ ሲሆን በፊዚክስ ሁለት ጊዜ ኖቤል ያገኘ ብቸኛ ሰው እሱ ነው። በተቃራኒው መንገድ ደግሞ ቲም በርነርስ ሊ አለ። ኦክስፎርድ ፊዚክስ ተምሮ በ1976 ተመረቀ፣ ከዚያ ሶፍትዌር ውስጥ ገባ፣ ዛሬ ሁላችንም የምንጠቀምበትን ድረ ገጽ የሚባለውን ነገር ሀሳብ በ1989 ያቀረበው እሱ ነው። እንደነሱ ትሆኛለሽ ብዬ አይደለም የምነግርሽ፣ በእንደዚህ ዓይነት ሰዎች ላይ ህይወት አይታቀድም። በዲፓርትመንቶቹ መሀል ያለው አጥር ከሩቅ እንደሚታየው ከፍ ያለ አለመሆኑን እንድታዪ ነው።

አጥሩ ዝቅ ያለበት ምክንያት ደግሞ በጣም ደስ የሚለኝ ነገር ነውና ትንሽ ልቆይበት። ሂሳቡ አንድ ነው። ባሼልዬ የሚባል ፈረንሳዊ በ1900 የገበያ ዋጋ እንዴት ወዲያ ወዲህ እንደሚዋዥቅ የመመረቂያ ጽሁፍ ጻፈ። አንስታይን በ1905 ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ብናኞች ለምን እንደሚንቀጠቀጡ ሲያስረዳ የተጠቀመው ሂሳብ በመሰረቱ ያው ነበር። በ1973 የወጣው ዝነኛው የብላክና የሾልስ የፋይናንስ ቀመር፣ ተለዋዋጮቹን ስትቀይሪያቸው፣ ሙቀት በብረት ዘንግ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚገልጸው ቀመር ሆኖ ታገኚዋለሽ። ሜትሮፖሊስ የሚባል ፊዚሲስትና ጓደኞቹ በ1953 የአተሞችን ስብስብ በኮምፒውተር ለማስላት ያወጡት ዘዴ ዛሬ የስታቲስቲክስ ሰዎች የዕለት ተዕለት መሳሪያ ነው። በ2024 ደግሞ የፊዚክስ ኖቤል ለሆፕፊልድና ለሂንተን ተሰጠ፣ ዛሬ ሰው ሰራሽ አስተውሎት ለምንለው ነገር መሰረት ስለጣሉ። ሆፕፊልድ በ1982 ያቀረበው ሰው ሰራሽ የነርቭ ኔትወርክ ሀሳቡን የወሰደው ማግኔት ውስጥ ያሉ አተሞች አንዱ በሌላው ላይ እንዴት ተጽዕኖ እንደሚያደርጉ ከሚገልጸው ፊዚክስ ነው። ሂንተን ደግሞ በመጀመሪያ ዲግሪው የተማረው ሳይኮሎጂ ነው።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቂ። እኔ የተታለልኩት እዚህ ጋ ነው። ሂሳቡ አንድ ስለሆነ ስራውም የሚመጣልኝ መስሎኝ ነበር። ተመርቄ የመጀመሪያው ኢንተርቪው ላይ ስቀመጥ፣ ዳታቤዝ ውስጥ ያሉ ሁለት ሰንጠረዦችን እንዴት እንደማገናኝ ጠየቁኝ። አላውቅም። ግማሹ መረጃ ቢጎድል ምን ታደርጋለህ አሉኝ። እሱንም አላውቅም። ላብ ውስጥ መረጃ አይጎድልም ነበር፣ ከጎደለ ተመልሼ እለካለሁ። የሰው መረጃ እንደዚያ አይደለም። ናሙናው አድሏዊ ሊሆን ይችላል፣ አብረው የሚታዩ ሁለት ነገሮች አንዱ የሌላው ምክንያት ላይሆን ይችላል። እነዚህን ስታቲስቲክስ የተማሩት ጓደኞቼ በሁለተኛ ዓመታቸው ጨርሰዋቸዋል። እኔ ስራ ፈትቼ በቆየሁባቸው ስምንት ወራት ቤት ቁጭ ብዬ ተማርኳቸው። እነዚያ ወራት ከባድ ነበሩ። አንቺ እንዲህ እንዳትሆኚ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ህልምሽ ተመራማሪ መሆን ከሆነ ደግሞ ስሌቱን አሁኑኑ እይው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ፒኤችዲ ብዙ ቦታ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ዓመት ይወስዳል። ከዚያ ፖስትዶክ የሚባል ጊዜያዊ የምርምር ስራ አለ፣ አንዱ ሁለት ሶስት ዓመት፣ ብዙ ሰው ከአንድ በላይ ይሰራል። አንድ ፕሮፌሰር በዘመኑ ብዙ የፒኤችዲ ተማሪዎች ያስመርቃል፣ ጡረታ ሲወጣ የሚለቀው ወንበር ግን አንድ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሰው የግድ ወደ ሌላ ስራ ይወጣል። ይህ የብቃት ጉዳይ ሳይሆን የወንበር ቁጥር ጉዳይ ነው። መንገዱን መሞከር ትችያለሽ፣ ብቻ ሁለተኛ እቅድ ይዘሽ ግቢ።

እንግዲህ የኔ ፍርድ። ተመርቀሽ በማግስቱ ደመወዝሽን የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ ማለትም ስምንት ወር መቆየት የማትችዪ ከሆነ፣ ስታቲስቲክስ ወይ ኮምፒውተር ሳይንስ ግቢ። በምርጫ ኮርሶችሽ ደግሞ መካኒክስና ኳንተም ውሰጂ። ይህን ስታደርጊ ፊዚክስን ከዳሁ ብለሽ እንዳታስቢ። ሰው ቤተሰቡን ማገዝ ሲፈልግ የሚወስነው ውሳኔ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

እንደዚያ ካልሆነ፣ የሁለት ሳምንቱ ሙከራም ወደ ፊዚክስ ከወሰደሽ፣ ፊዚክስ ግቢ። ምክንያቴ አንድ ነው። ፕሮግራሚንግ ብቻሽን መማር ትችያለሽ፣ ሚሊዮኖች ተምረውታል። ኤሌክትሮማግኔቲዝምንና ኳንተም መካኒክስን ግን ያለ መምህር፣ ያለ አሳይመንት፣ ያለ ላብ እስከ መጨረሻው የዘለቀ ብዙ ሰው አላየሁም። ዩኒቨርሲቲን ብቻሽን ለማትችዪው ነገር ተጠቀሚበት።

ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፣ እሱን ካላሟላሽ ምክሬን እንዳልሰጠሁሽ ቁጠሪው። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምረሽ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጻፊ፣ የላብ ውጤትሽን ሁሉ በሱ አስዪ። ከምረቃሽ በፊት ፕሮባቢሊቲ፣ የስታቲስቲክስ ቲዎሪና ዳታቤዝ እንደምንም ብለሽ ኮርስ አድርገሽ ውሰጂ። ማይነር ወይም ድርብ ሜጀር ከተፈቀደ ደግሞ ስታቲስቲክስን ደርቢ። ከሶስተኛ ዓመትሽ በኋላ ያለውን ክረምት ኢንተርንሺፕ ላይ አሳልፊ፣ ክፍያው ትንሽም ቢሆን። ብቻሽን የተማርሽውን ነገር ሲቪ የሚያጣራው ሰው አያየውም፣ ሰርተሽ ካላሳየሽው በቀር።

አንዳንዱ «መሀለኛውን ያዢ፣ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ግቢ» ይልሻል። መጥፎ ሀሳብ አይደለም፣ የኤሌክትሮማግኔቲዝም መሰረት የሆኑትን የማክስዌልን ቀመሮች እዚያም ታገኛቸዋለሽ። ሰርኪዩት መስራት የሚያስደስትሽ ከሆነ በደንብ አስቢበት። ሁለቱንም ወገን ለማስደሰት ብለሽ ብቻ ከሆነ ግን ተይው፣ አራት ዓመት ረጅም ነው።

ጥያቄ

ልጄ ጎበዝ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ደርሶት ሳለ ወደ ፊዚክስ ልቀይር ብሎ አስቸገረኝ። እሺ ካልኩት በኋላ እንዳይቆጨኝ፣ እምቢ ካልኩት እንዳይጠላኝ ፈራሁ። ብከለክለው ይሻላል?

አንድ አባት

መልስ

አባቴ፣ አይከልክሉት። በግድ የገባበትን ትምህርት ሰው በግማሽ ልቡ ነው የሚማረው፣ በዝቅተኛ ውጤት የተመረቀ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ደግሞ እርስዎ የሚያስቡትን ያህል አይፈለግም።

ግን ዝም ብለው እሺም አይበሉት። ቁጭ አድርገው ያነጋግሩት። የሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ኮርሶችን ዝርዝር አይቶት እንደሆነ፣ ከሶስት የፊዚክስ ምሩቃን ጋር አውርቶ እንደሆነ፣ ተመርቆ ለምን ዓይነት ስራ እንደሚያመለክት ይጠይቁት። «አላውቅም፣ ብቻ እወደዋለሁ» ካለ ጊዜ ይስጡት፣ አጣርቶ ይምጣ። አጣርቶ መጥቶም ሀሳቡ ያው ከሆነ ፈቅደውለት አንድ ስምምነት ያድርጉ። ሁለተኛ ዓመቱን ሲጨርስ በኮምፒውተር የሰራውን አንድ ነገር ያሳይዎት። ካላሳየ እንደገና ትነጋገራላችሁ። እሱም ይህን እንደ ቅጣት አያየውም፣ ልጆች አባታቸው ጉዳዩን ከልቡ እንደያዘው ያውቃሉ።

ጥያቄ

ሶስተኛ ዓመት ፊዚክስ ነኝ። ውጤቴ መካከለኛ ነው። ፕሮግራሚንግ አልችልም ማለት ይቻላል። ፒኤችዲ የመማር ሀሳብ የለኝም። ጓደኞቼ ኢንተርንሺፕ አግኝተዋል። ጊዜው አልፎብኛል?

የዘገየሁት

መልስ

ወንድሜ፣ አላለፈብህም። ብቻ ከዛሬ ጀምሮ የቀረህን ጊዜ በደንብ መያዝ አለብህ። ዲፓርትመንት ለመቀየር አታስብ፣ የተማርከውን ጥለህ እንደገና መጀመር አያዋጣህም። ካስፈለገ በኋላ ማስተርስ በስታቲስቲክስ ወይም በዳታ ሳይንስ ትማራለህ፣ ብዙ ፕሮግራሞች ሂሳቡ ስላላቸው የፊዚክስ ምሩቃንን ይቀበላሉ።

አሁን ያለህ ትልቁ እድል የመመረቂያ ፕሮጀክትህ ነው። አማካሪህን በኮምፒውተር የሚሰራ ርዕስ ጠይቅ። ሀሳብ ካጣህ አይሲንግ ሞዴል የሚባለውን የማግኔት ሞዴል ውሰድ። በካሬ ሰሌዳ ላይ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያዩ ትንንሽ ማግኔቶች አሉ፣ ጎረቤታሞቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ማየት ይፈልጋሉ፣ ሙቀቱ ደግሞ ይበጠብጣቸዋል። ፓይተን ላይ ከመቶ መስመር በታች ይጻፋል። ዘዴው ከላይ ለመጀመሪያዋ ጠያቂ የነገርኳት የ1953ቱ የሜትሮፖሊስ ዘዴ ነው፣ ስለዚህ እግረ መንገድህን ስታቲስቲክስም እየተማርክ ነው። ሙቀቱን ቀስ በቀስ ስትጨምር አንድ ቦታ ላይ ማግኔትነቱ ይጠፋል።

ይህን ርዕስ የመረጥኩልህ መልሱ ስለሚታወቅ ነው። ኦንሳገር የሚባል ሳይንቲስት በ1944 ያለ ኮምፒውተር በቀመር ፈትቶታል፣ በሞዴሉ መለኪያ ያ ሙቀት 2.269 ገደማ ነው። ያንተ ፕሮግራም 2.4 ካለህ ተስፋ አትቁረጥ። ሰሌዳው ትንሽ ሲሆን ቁጥሩ ከቦታው ይርቃል። ሰሌዳውን አስፋው፣ መለካት ከመጀመርህ በፊት ፕሮግራሙ በቂ ጊዜ እንዲሮጥ አድርግ፣ ስህተቱን አስላ። ሲቪህ ላይም «ስታቲስቲካል መካኒክስ ተምሬያለሁ» ብለህ አትጻፍ። የሰሌዳውን ስፋት፣ ያገኘኸውን ቁጥርና የስህተቱን መጠን ጻፍ፣ መጀመሪያ ለምን እንደሳትክና እንዴት እንዳስተካከልከውም አንድ መስመር ጨምርበት።